በየቀኑ ለምትነዳ ፒክአፕ ካምና ማርሚታ መምረጥ

«የትኛውን ካም ልግጠም?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ካም የሞተሩን ቫልቮላዎች የሚከፍትና የሚዘጋው ዘንግ ነው። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው እንደኔው እዚህ አሜሪካ ፒክአፕ የሚነዱ ልጆች ናቸው። ሲልቬራዶ፣ ሲዬራ፣ አንዳንዴም ፒክአፕ ባትሆንም ታሆ። ቪዲዮ ላይ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳይረገጥ፣ ቆማ የምትንቀጠቀጥ መኪና አይተው፣ ያ የሚቆራረጥ ድምፅ ልባቸው ገብቶ፣ ለማዘዝ ካርዳቸውን አውጥተው ነው የሚጽፉልኝ። እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው። መኪናዋን የት ነው የምትነዷት? ምን ትጭናላችሁ? የኋላ ዲፈረንሻላችሁ ስንት ነው? ማርሚታው ኦሪጅናል ነው ወይስ ተነክቷል?

ይህን ሁሉ የምጠይቀው ካም ለብቻው የሚመረጥ ዕቃ ስላልሆነ ነው። በተለይ መኪናዋ ሥራ የምትሠራ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ በረዶ ላይ የምትወጣ ከሆነች መጀመሪያ የጭሱን መንገድ ወስኑ፣ ካሙን ከዚያ በኋላ። ብዙ ሰው ግን ተገላቢጦሹን ነው የሚሄደው። ካሙን ይገዛል፣ ያስገጥማል፣ ከዚያ «ማርሚታውንስ ምን ላድርገው?» ይላል።

የኔን ልንገራችሁ። የ2004 ሲልቬራዶ 1500 ናት። ሞተሯ ኤልኤም7 የሚባለው 5.3 ሊትር ቪ8፣ ካምቢዮዋ 4ኤል60ኢ፣ የኋላ ዲፈረንሻሏ የጥርስ ንጽጽር 3.73 ነው። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ሥራዬ ወለል ላይ ሴራሚክ ማንጠፍ ስለሆነ ከባድ ዕቃ እጭናለሁ፣ አንዳንዴ ተጎታች እስባለሁ፣ እሁድ ደግሞ ቤተሰብ ይዤ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ሌላ መኪና የለኝም። ሰኞ ጠዋት ካልተነሳች ሥራ የለም። ምርጫዬ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በመጀመሪያ ሞተሩ ቀኑን የት እንደሚውል እንይ። ኤልኤም7 እንደየዓመቱ ከ270 እስከ 295 የፈረስ ጉልበት አለው፣ እሱም የሚገኘው በደቂቃ 5,200 ዙር አካባቢ ነው። ቶርኩ፣ ማለትም የማዞር ኃይሉ፣ ጫፍ የሚደርሰው በ4,000 ዙር ነው። አሁን ዳሽቦርዳችሁን ተመልከቱ። እኔ በ3.73 ዲፈረንሻልና በኦሪጅናል መጠን ጎማ፣ በአራተኛ ማርሽ በሰዓት 70 ማይል ስሄድ ሞተሩ 2,000 ዙር አካባቢ ነው። ሀቫና ጎዳና ላይ ከመብራት መብራት ስጓዝ ከ1,500 እስከ 2,500 ይመላለሳል። ተጎታች ይዤ በአይ-70 ወደ ተራራው ስወጣ 3,500 እና 4,000 ይደርሳል። 5,000 ዙርን የማየው አውራ ጎዳና ስቀላቀል ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ «40 ፈረስ ይጨምራል» ተብሎ የሚሸጥ ካም ያንን 40 የሚሰጠው 6,000 ዙር ላይ ከሆነ ለእንዲህ ዓይነቱ ነጂ የሚሰጠው ነገር የለም። እንዲያውም ይወስድበታል፤ ከታች ያለውን ቶርክ አንስቶ ወደ ላይ ነውና የሚያዛውረው።

ካም ስትገዙ ቁጥሮቹ የተጻፉበት ካርድ አብሮ ይመጣል። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ቫልቮላው ተከፍቶ የሚቆይበት ርዝመት ነው፣ በዲግሪ ይለካል፤ ካምን ከካም ለማወዳደር የሚጠቅመው ካሙ 0.050 ኢንች ያህል ካነሳ በኋላ የተለካው ነው። ሁለተኛው ቫልቮላው ስንት ኢንች እንደሚነሳ ነው። ሦስተኛው በማስገቢያውና በማስወጫው ሎብ፣ ማለትም በካሙ ጉብታዎች፣ መሃል ያለው ማዕዘን ነው። የኤልኤም7 ኦሪጅናል ካም በማስገቢያ 190፣ በማስወጫ 191 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ማዕዘኑ 114 ነው። ትንሽ ካም ነው፣ ሠሪው ጂኤምም ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው፤ ጭነት ተሸካሚ መኪና ከታች ጉልበት እንዲኖራት። ለማነጻጸር ያህል፣ ከ2002 እስከ 2004 ኮርቬት ዚ06 የስፖርት መኪና ላይ የነበረው የኤልኤስ6 ካም 204 በ218 ነበር፤ ያ ሞተር 405 ፈረስ ነበረው።

ከነዚህ ቁጥሮች የሚወጣ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። ማንም ሰው ሳይሠራው ካም ባይገዛ ደስ ይለኛል። የማስገቢያውንና የማስወጫውን ዲግሪ ደምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ ከዚያ ላይ የማዕዘኑን እጥፍ ቀንሱ። የምታገኙት ኦቨርላፑን ነው፣ ማለትም የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮላ በአንድ ጊዜ ተከፍተው የሚቆዩበትን ልክ። የኦሪጅናሉ 190 ተኩል ሲቀነስ 228 ነው፣ ከዜሮ በታች 37 ተኩል። 212 በ218 የሆነ ካም በ112 ማዕዘን ከዜሮ በታች 9 ይሆናል። 230 በ236 የሆነው በዚያው ማዕዘን ከዜሮ በላይ 9። ቪዲዮው ላይ የምትወዱት ድምፅ ከዚህ ከመጨረሻው ሰፈር ነው የሚመጣው። በሚኒሞ ጊዜ የተቃጠለው ጭስ ወደ ማስገቢያው ይመለሳል፣ አዲሱን አየር ይበክላል፣ አንዱ ሲሊንደር በደንብ ሲያቃጥል ሌላው ይስታል። ድምፁ የዚህ መደነቃቀፍ ድምፅ ነው። መስማቱ ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን መብራት ላይ ቆማችሁ ቤንዚን ይበላል፣ የሞተሩን የመሳብ ኃይል፣ ቫኪዩሙን፣ ይቀንሳል፤ ፍሬናችሁ በቫኪዩም የሚታገዝ ከሆነ ደግሞ ፔዳሉ እየደነደነ ይመጣል። ከኋላ ተጎታች እያለ የደነደነ ፍሬን ቀልድ አይደለም።

እዚህ ኮሎራዶ ላለን ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፣ ከፍታው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ጉልበት ያጣል። አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 295 ፈረስ የሆነው ሞተር እዚህ ወደ 250 ወርዷል ማለት ነው። በዚያው አይ-70 ላይ ያለው አይዘንሃወር ዋሻ ጋ፣ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሲሶው ሄዷል። አዲስ አበባ ያላችሁም ሩብ ያህሉን ታጣላችሁ። ይህ ከካም ጋር ምን አገናኘው? ረዥም ዲግሪ ያለው ካም የማስገቢያ ቫልቮላውን ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። ፒስቶኑ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ በኋላም ቫልቮላው ክፍት ስለሆነ፣ በዝቅተኛ ዙር የገባው አየር በከፊል ተመልሶ ይወጣል። ኮምፕሬሽኑ ይቀንሳል። ከፍታው ራሱ አየሩን ቀንሶታል፣ ካሙ ደግሞ የቀረውን ያስወጣዋል። ሂዩስተን ባሕር አጠገብ «በጣም ልኩ ነው» የተባለ ካም እዚህ ከመብራት ስትነሱ ሞተሩን ያደክመዋል። ስለዚህ ሌላ ስቴት ያለ ሰው የመከራችሁን ካም እዚህ ስትገዙ አንድ ደረጃ ዝቅ በሉ።

ቤንዚኑንም አትርሱ። ኮሎራዶ ማደያ ላይ ርካሹ 85 ኦክቴን ነው፣ መካከለኛው 87፣ ውዱ 91። የሲልቬራዶው መመሪያ የሚለው 87 ነው። ካም ቀይራችሁ የሞተሩን ኮምፒውተር ካስተካከላችሁ በኋላ 85 መቅዳት አይመከርም። ኮምፒውተሩን የሚያስተካክልላችሁንም ሰው የትኛውን ቤንዚን እንደምትቀዱ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ የእሳቱን ሰዓት የሚወስነው በዚያ ልክ ነው።

አሁን ወደ ማርሚታው።

በነዚህ ሞተሮች ላይ ምንም አዲስ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የጭስ ማኒፎልዱን፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበውን ክፍል፣ ቡሎኖች እዩ። በተለይ ከሁለቱም ጎን ከካቢኑ በኩል ያለውን የመጨረሻውን። ማኒፎልዱ ብረት ነው፣ የታሰረበት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ሲግሉና ሲቀዘቅዙ እኩል አይለጠጡም። ከዓመታት በኋላ ጫፍ ላይ ያለው ቡሎን ይቆረጣል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጠዋት ሲነሳ ቲክ ቲክ ይላል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ማኒፎልዱ ተለጥጦ ክፍተቱን ይዘጋውና ድምፁ ይጠፋል። አንድ ጓደኛዬን አንድ ጋራዥ ይህንኑ ድምፅ ሰምቶ «ሊፍተር (ካሙ ቫልቮላውን የሚገፋበት ክፍል) ሞቷል፣ ቴስታታው ይወርዳል» ብሎት ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣው ነበር። ቴስታታው ሳይነካ በፊት ሌላ ሰው ባትሪ ይዞ ከታች ገብቶ ሲያይ ቡሎኑ አናት የለውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ያናድደኛል። ሰው ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ገንዘብ ነው። በቴስታታው ውስጥ የቀረውን የቡሎን ቁራጭ ማውጣት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንዴ ዳዶ በያጅ ይያዝበትና ይፈታል። ግን ከሊፍተር ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም። ቡሎን፣ ጓርኒሲዮን፣ ግማሽ ቀን፣ አለቀ።

ቀጥሎ አንድ በየጋራዡ የሚወራ ነገር አለ። «ሞተር ግፊት ያስፈልገዋል፣ ማርሚታው ከተከፈተ ጉልበት ይጠፋል» ይባላል። ጉልበት ይጠፋል የሚለው አንዳንዴ እውነት ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሞተር ጭሱን ለማስወጣት መታገል አይጠቅመውም። የሚጠቅመው የጭሱ ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ጭሱን የሚተፋው በምት በምት ነው። አንዱ ምት በፍጥነት ሲሄድ ከኋላው ዝቅ ያለ ግፊት ይተዋል፣ ያ ደግሞ የሚቀጥለውን ይስበዋል። ቱቦው ከልክ በላይ ከሰፋ ጭሱ ይዝላል፣ መሳቡ ይቀራል፣ ከታች ያለው ቶርክ ይሞታል። ስለዚህ ለ5.3 ሞተር፣ ከ300 ፈረስ ብዙም ላልራቀ፣ ነጠላ 3 ኢንች ቱቦ በቂ ነው። ሁለት ቱቦ ካላችሁ ሁለት ተኩል ኢንች። 4 ኢንች የምትሉ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉ፤ የምታገኙት ጩኸት ብቻ ነው።

ስለ ጩኸት ካነሳን፣ በየቀኑ ለምትነዳ መኪና ትልቁ ችግር ውጪ ያለው ድምፅ አይደለም። ካቢን ውስጥ የሚገባው እምምም የሚል ድምፅ ነው፣ ራስ የሚያሳምመው። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ቪ8 ሞተር በአንድ ዙር አራት ጊዜ ያቃጥላል። በ2,000 ዙር ሲሄድ በሰከንድ 133 ጊዜ ማለት ነው። ይህ ወፍራም ድምፅ ነው፣ የፒክአፕ ካቢን ደግሞ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ይዞ ያጎላዋል። እንግዲህ 2,000 ዙር ማለት ከላይ እንዳልኩት በትክክል አውራ ጎዳና ላይ የምንውልበት ነው። ማርሚታ ሻጩ መኪናዋን በሚኒሞ አስነስቶ፣ ጋዝ ሁለት ጊዜ ረግጦ ያሰማችኋል። እዚያ ላይ ሁሉም ያምራል። እናንተ መስማት ያለባችሁ 70 ማይል ላይ፣ መስኮት ዘግታችሁ፣ ትንሽ ዳገት ላይ ነው። የሚቻል ከሆነ ያንኑ ማርሚታ የገጠመ ሰው ፈልጉና አብራችሁ ተሳፈሩ።

ከዚህ የሚያድኑ ሁለት ነገሮች አውቃለሁ። አንዱ ቀጥ ያለ ቀዳዳማ ቱቦ በፋይበር የተሸፈነበት ማርሚታ ነው፤ በውስጡ በብረት ግድግዳ የተከፋፈለው ዓይነት ድምፁ ሻካራና ጎላ ያለ ነው፣ ካቢን ውስጥም ይበረታል። ትልቁን ሣጥን ግዙ፣ ትንሹ አይበቃም፣ ከፊቱም ሬዞኔተር የሚባል ተጨማሪ ድምፅ ማለስለሻ ይኑረው። ሁለተኛው ከዋናው ቱቦ ላይ ተቀጥሎ ጫፉ የተዘጋ ቅርንጫፍ ቱቦ ነው። ድምፁ ገብቶ ጫፉ ላይ ተጋጭቶ ሲመለስ ዋናውን ድምፅ ያጠፋዋል። ርዝመቱ በሚያስቸግራችሁ ዙር ልክ ይሰላል፤ ለ2,000 ዙር አካባቢ፣ እንደ ጭሱ ሙቀት፣ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በያጅ የሚያውቅ ሰው በጥቂት ገንዘብ ይሠራዋል። የሚገርመው ብዙ ሰው ስለሱ ሰምቶ አያውቅም። እኔ ማርሚታውን ከቀየርኩ በኋላ ያደረግኩት ምርጥ ነገር ይኸው ነው። ልጆቼ ከኋላ ይተኛሉ፣ ስልክ ማውራት ይቻላል። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ለቅዳሴ ስንወጣም ጎረቤት አይነቃም።

ሄደርስ፣ በማኒፎልዱ ፋንታ የሚገጠመው የቱቦ ስብስብ? እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አጭሩ ሄደር ከኦሪጅናሉ የብረት ማኒፎልድ የሚበልጠው በጣም በትንሹ ነው። የጂኤም ማኒፎልድ መጥፎ አይደለም፤ ከባድ ነው፣ አያምርም፣ ግን ይሠራል፣ ጸጥ ያለም ነው። ረዥሙ ሄደር ግን እውነተኛ ለውጥ ያመጣል፣ በተለይ ከመካከለኛ ዙር ጀምሮ፤ ለ5.3 አንድ ከሦስት አራተኛ ኢንች ቱቦ ያለው ይበቃል። ችግሩ ረዥሙ ሄደር ካታሊስቱ፣ ጭሱን የሚያጣራው ክፍል፣ የነበረበትን ቦታ ይይዛል። ካታሊስቱ ወይ ወደ ኋላ ይዛወራል፣ ወይ ይጣላል። መጣል በፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ ክልክል ነው፣ በየትኛውም ስቴት ኑሩ። ማዛወሩም ራሱ በዚያው ሕግ ችግር ያስከትላል። ዴንቨር አካባቢ ያለን ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለብን። እንደኔ ያለችው አሮጌ መኪና በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ወጥታ እስከ 240 ሰከንድ እየተነዳች ጭሷ ይለካል። ቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ መሄድማ ዋጋ የለውም። ኮሎራዶ ውስጥ ከ2021 ወዲህ የሚሸጥ ምትክ ካታሊስትም በካሊፎርኒያ ደረጃ የጸደቀ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ያለውን ጤነኛ ካታሊስት ነቅሎ መጣል ሕገወጥ ብቻ አይደለም፣ ለመመለስ ሲፈለግ በብዙ እጥፍ ያስከፍላል።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ ካሙም ሄደሩም ኢኦ የሚባል የፈቃድ ቁጥር ከሌለው ገና ከመጀመሪያው አትነካኩት።

እኔ የወሰንኩት እንዲህ ነው። ኦሪጅናል ማኒፎልድ በአዲስ ቡሎንና ጓርኒሲዮን፣ ኦሪጅናል ካታሊስት በቦታው፣ ከካታሊስቱ በኋላ ነጠላ 3 ኢንች፣ ሬዞኔተር፣ ትልቅ ማርሚታ፣ የተዘጋው ቅርንጫፍ ቱቦ። ይህ ከተወሰነ በኋላ ነው ካሙ የሚመረጠው። ለምን ቢባል የጭሱ መንገድ ትንሽ ጠበብ ያለ ስለሆነ የማስወጫ ቫልቮላው ከማስገቢያው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ መከፈት አለበት፣ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ። ረዥም ሄደር ቢኖረኝ ኖሮ ያን ያህል ልዩነት ባላስፈለገኝ። ማርሚታውን ሳያውቅ ካም የሚመክራችሁን ሰው ስለዚህ ነው የማላምነው።

ለመኪናዬ የፈለግኩት ካም በማስገቢያ ከ205 እስከ 210፣ በማስወጫ ከ212 እስከ 218 ድረስ ያለው ነው፣ ማዕዘኑ ከ112 እስከ 114። የቫልቮላው ከፍታ ከግማሽ ኢንች ብዙም የማያልፍ። የወሰድኩትም ከዚሁ መሃል ዝቅ ያለውን ጫፍ ነው። በሚኒሞ ሲቆም ትንሽ ጉርምርም ይላል፣ የሚያውቅ ሰው ይለየዋል፣ የማያውቅ ምንም አይሰማውም። ከ2,500 ዙር በላይ ግን ሌላ መኪና ናት። ጭኜ ዳገት ስወጣ ካምቢዮው እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ ማርሽ አይቀንስም። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው ኦሪጅናሉ ቶርክ ኮንቨርተር ይበቃታል፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው። 225ን ያለፈ ካም ብትገጥሙ ከፍ ባለ ዙር የሚይዝ ኮንቨርተር ግድ ይሆንባችኋል፣ ያ ደግሞ ከመያዙ በፊት ሙቀት ያመጣል፣ 4ኤል60ኢ ካምቢዮ ሙቀት አይወድም፣ ተጎታች ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው።

የካሙ ዋጋ ብቻውን አያታልላችሁ። ኦሪጅናሎቹ የቫልቮላ ሞላዎች ለዚህ ከፍታ አልተሠሩም፤ አዲስ ሞላ ከነቫልቮላ ጎሚኖቹ ይገዛል። ይህ ቴስታታው ሳይወርድ ይቀየራል። የፑሽሮዱን፣ ከሊፍተሩ ወደ ሮከሩ የሚገፋውን ዘንግ፣ ርዝመት ለኩ፤ ኦሪጅናሉ 7.4 ኢንች ነው፣ አንዳንድ ካም ግን መሠረታዊ ክቡ ትንሽ ስለሚሆን ረዘም ያለ ይፈልጋል። ቫልቮላውን የሚጫነው የነዚህ ሞተሮች ሮከር ስለማይስተካከል ልኩ የሚመጣው ከፑሽሮዱ ነው። ካቴናውን ቀይሩ። የዘይት ፓምፑ ሲነቀል የመምጠጫ ቱቦው ኦ-ሪንግ መቀየር አለበት፣ ሲገባም እንዳይቆረጥ ጥንቃቄ፤ ያቺ ትንሽ ጎማ ከተበላሸች ፓምፑ አየር ይስባል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ሞተሩ ይሞታል። የኮሎው፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ፑሊ ቡሎንም አይደገምም። ፑሊውን በአሮጌው ቡሎን በ240 ፓውንድ-ፉት አስቀምጡት፣ ከዚያ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን በ37 ፓውንድ-ፉት፣ ቀጥሎ 140 ዲግሪ አዙሩት። «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው ይህችን ቡሎን አይንካ።

የዚህ ሞተር ደግ ነገር ሊፍተሮቹ በፕላስቲክ መያዣ መያዛቸው ነው። ካሙን ጥቂት ስታዞሩት ሊፍተሮቹ ወደ ላይ ይወጡና እዚያው ይቆያሉ፣ ካሙ ከፊት ይወጣል፣ ቴስታታ አይወርድም። መያዣው ካረጀ ግን ሊወድቁ ስለሚችሉ ሁለት ቀጫጭን ዘንግ ከፊት አስገብቶ መደገፍ ነው።

ከ2007 እስከ 2018 የወጣ 5.3 ያላችሁ ነገሩ ይለያል። አብዛኞቹ ቀላል መንገድ ላይ አራት ሲሊንደር የሚያጠፋ ሥርዓት አላቸው። አንደኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ሲሊንደር ላይ ያሉት ሊፍተሮች ልዩ ናቸው፣ የሚሞቱትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። በኮምፒውተር ብቻ ሥርዓቱን ማጥፋት ይቻላል፣ ግን ተራ ካም ልትገጥሙ ከሆነ ሊፍተሮቹና የላይኛው ክዳን መቀየር አለባቸው፣ ሊፍተር ለማውጣት ደግሞ ቴስታታው ይወርዳል። ሥራው በእጥፍ ይጨምራል። ሊፍተሩ ቀድሞ ሞቶባችሁ ቴስታታው የሚወርድ ከሆነ ግን ካም ለመቀየር ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

ኮምፒውተሩን ሳታስተካክሉ መንዳት የለም። በትንሹ ካም እንኳ ሞተሩ በሚኒሞ ይጠፋል ወይም ቤንዚን ያበዛል። የሚያስተካክለውን ሰው ካሙን ከመግዛታችሁ በፊት አግኙት፣ የት እንደምትነዱም ንገሩት። ጥሩ ባለሙያ ስለ ካምቢዮውም ይጠይቃችኋል። ከፍተኛውን ፈረስ ብቻ የሚያወራውን ተዉት።

አሁን ብዙዎቻችሁን ቅር የሚያሰኝ ነገር ልበል። የኋላ ዲፈረንሻላችሁ 3.42 ከሆነ ከካሙ በፊት እሱን ወደ 4.10 ቀይሩ። በሁሉም ማርሽ ላይ ጎማው ጋ የሚደርሰው ጉልበት 20 በመቶ ይጨምራል። ከመብራት ስትነሱም፣ ዳገት ላይም፣ ተጎታች ይዛችሁም። ለእንዲህ ያለች መኪና ከታች ይህን ያህል የሚሰጥ ካም የለም። አውራ ጎዳና ላይ ዙሩ ከፍ ይላል፣ ቤንዚን ትንሽ ይጨምራል፣ የፍጥነት ቆጣሪው በኮምፒውተር ይስተካከላል፤ ጉዳቱ ይኸው ነው። ድምፅ ስለሌለው ቪዲዮ ላይ አያምርም፣ ለዚህ ነው ማንም የማያወራለት። ከ3.73 ወደ 4.10 ግን 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ እኔ ለጊዜው ትቼዋለሁ።

አገር ቤት ሆናችሁ ስለ ሃይሉክስ የምትጠይቁኝም አላችሁ። በናፍታ ሞተር ላይ ካም መቀየር አይታሰብ። እንደ 3ኤልና 5ኤል ያሉት ቱርቦ የሌላቸው ሞተሮች አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ የሚያበዙት አየሩ ሳስቶ ፖምፓው የሚሰጠው ናፍታ ግን ስላልቀነሰ ነው። የአየር ማጣሪያ፣ የኢንጀክተር ምርመራ፣ የቫልቮላ ክፍተት ማስተካከል፣ ፖምፓውን በሚያውቅ ሰው ለከፍታው ማስቀነስ፤ ገንዘባችሁን እዚያ አውሉት። ማርሚታ ማስቆረጥ ጎረቤት ከመረበሽ በቀር ምንም አይሰጣችሁም።

እዚህ ያላችሁ ደግሞ ልትጽፉልኝ ከሆነ መጀመሪያ የጓንት ሣጥኑን ክፈቱ። ውስጡ ባለ ሦስት ፊደልና ቁጥር ኮዶች የተደረደሩበት ወረቀት ተለጥፏል። ጂዩ6 የሚል ካለ ዲፈረንሻላችሁ 3.42 ነው፣ ጂቲ4 ከሆነ 3.73፣ ጂቲ5 ከሆነ 4.10። እሱን፣ የመኪናዋን ዓመት፣ የጎማውን ልክ፣ የምትጭኑትንና የምትኖሩበትን ከተማ ጻፉልኝ። ጠዋት ስትነሳ ቲክ ቲክ የምትል ከሆነም እሱንም ጨምሩ።